ካዚኖ ውስጥ ዲለር መሆን እንጀራ ይሆናል ወይ?

ማዕዶት (ጥያቄውን የከፈተችው)

ሰላም ናችሁ? እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። አሁን ግን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አንድ ካዚኖ ዲለሮች (ጠረጴዛ ላይ ካርታ የሚያድሉ፣ ጨዋታውን የሚመሩ ሠራተኞች) አሠልጥኖ ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቷል። ሥልጠናው ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ፈተናውን ያለፈ ይቀጠራል ይላል። ሒሳብ አያስፈራኝም፣ ማምሸትም ለምጄዋለሁ። ግን ቁማር ተጫውቼ አላውቅም። ካርታ መበወዝ እንኳ አልችልም። ቤት ውስጥ ደግሞ «ቁማር ቤት ልትገቢ ነው እንዴ?» እየተባልኩ ነው።

ሥራው ውስጥ ያላችሁ ወይም ሠርታችሁ የወጣችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው ሙያ ነው ወይስ ለጥቂት ዓመት መሸጋገሪያ? ገንዘቡስ?

ቦሩ

ደሞዙን ከመጠየቅሽ በፊት ጉርሻው እንዴት እንደሚከፋፈል ጠይቂ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ተመልካች

ቁማር አለመጫወትሽን እንደ ጉድለት አትዪው። ከሥራ ወጥቶ ደሞዙን ሌላ ካዚኖ ሄዶ የሚያስበላ ዲለር ስንቱን አየሁ። በምትሠሪበት ቤት መጫወት ስለማይፈቀድልሽ ፈተናው ጎረቤት ያለው ቤት ነው።

ሩሌት ቤት

ቦሩ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ሥራው በየትም አገር አንድ ዓይነት ነው። ኑሮው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው ጉርሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ካዚኖ የዲለር መነሻ ደሞዝ ከዝቅተኛው የደሞዝ ወለል ብዙም አይርቅም። ቤት ኪራይ የሚከፈለው ከጉርሻው ነው። አብዛኛው ቤት የሁሉንም ዲለር ጉርሻ አንድ ላይ ይሰበስብና በሠራሽው ሰዓት ልክ ያካፍላል። ጥቂት ቤቶች ደግሞ «የራስህን ይዘህ ሂድ» ይላሉ።

ጀርመን ውስጥ ጉርሻው «ትሮንክ» በሚባለው የጋራ ቋት ይገባል፤ የሠራተኛው ደሞዝም ከዚያ ይወጣል። ፈረንሳይ ውስጥም ዲለሩ ቺፕሱን (በብር ምትክ የሚጫወቱበትን ክብ ፍሬ) ተቀብሎ ለሠራተኞች የተሰጠ መሆኑን ጮክ ብሎ ተናግሮ ያመሰግናል እንጂ ለራሱ አይወስድም። አውስትራሊያ ስትሄጂ ዲለር ጉርሻ መቀበል ጭራሽ አይፈቀድለትም። የሚኖረው በደሞዙ ነው።

እና አንድ ሰው «ዲለር ጥሩ ይከፈለዋል» ወይም «አይረባም» ሲልሽ መጀመሪያ የት ነው ብለሽ ጠይቂው።

በጋራ የሚካፈልበት ቤት ውስጥ ክፉ ምሽትሽን የሌላው ጥሩ ምሽት ይሸፍንልሻል። ችግሩ የሚያኮርፈውም የሚያዛጋውም ዲለር ካንቺ እኩል ይወስዳል። የሠራተኛ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ያለው ጭቅጭቅ ግማሹ ይኸው ነው። የራስን በሚወስዱበት ቤት ደግሞ ጥሩውን ጠረጴዛ ማን አገኘ የሚለው ነገር ወዳጅ ያጣላል። እኔ የቱን ትመርጣለህ ብባል የጋራውን። ወር በገባ ቁጥር ምን እንደማገኝ በግምት ማወቅ እፈልጋለሁ።

የሌሊት ፈረቃ

ሰው ዲለርነት ካርታ ማወቅ ይመስለዋል። ካርታውን በሳምንት ትለምጃለሽ። የሚከብደው ሥርዓቱ ነው።

ጠረጴዛ ላይ እጅሽ ያንቺ አይደለም፣ የካሜራው ነው። ተረኛው መጥቶ ትከሻሽን ሲነካሽ ዝም ብለሽ አትሄጂም። መዳፎችሽን አንዴ ታጋጪያለሽ፣ ጣቶችሽን ዘርግተሽ ላዩንም ውስጡንም ታሳያለሽ፣ ከዚያ ነው የምትነሽው። አፍንጫሽን ቢበላሽ ከማከክሽ በፊት እጅሽን ታሳያለሽ። በብዙ ቤት ሱሪው ኪስ የለውም፤ ካለውም ይሰፋል ወይም ሽርጥ ይለበስበታል። ሁሉም አንድ ቺፕስ ወደ ሰውነትሽ እንዳይገባ ነው።

ተጫዋች ብር ሲሰጥሽም ከእጁ አትቀበዪም። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። አንቺ ኖቱን አንድ በአንድ ዘርግተሽ ካሜራው እንዲያየው ታደርጊያለሽ። መጠኑን ጮክ ብለሽ ትናገሪያለሽ፣ ሱፐርቫይዘሩ ያረጋግጣል። ቺፕሱን ቆርጠሽ (ከቁልሉ በእኩል በእኩል ከፍለሽ)፣ ቁጥሩ እንዲታይ ደርድረሽ ትሰጪያለሽ። ብሩን በመግፊያው ወደ ሣጥኑ ታስገቢያለሽ። በምሽት ስንት ጊዜ? ቁጥር የለውም። አንዷን ደረጃ የዘለልሽ ቀን ከላይ ስልክ ይደወላል።

ክፍያ ብትሳሳቺ ሕጉ ቀላል ነው። እጅሽን አንሺ፣ ምንም አትንኪ፣ ሱፐርቫይዘር ጥሪ። ድብቅብቅ አድርጎ ማስተካከል ከስህተቱ ይብሳል፤ ቀረጻው ላይ ስርቆት ይመስላል። አዲስ ልጆች የሚባረሩት በስህተት ሳይሆን ስህተቱን በራሳቸው ሊያርሙ ሲሉ ነው።

(ቤቴ ውስጥ ከምግብ ስነሳ እጄን አሳያለሁ። ባለቤቴ መሳቅ አቁማለች፣ ለምዳዋለች።)

ማዕዶት

ይሄ ነገር ከእንግዳ መቀበያ ሥራ ጋር ይመሳሰላል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ሌላ ነው። እሺ ሒሳቡስ? ካልኩሌተር የለም አይደል?

ቁጥር 17

የለም። ግን ሒሳቡ የተወሰነ ስለሆነ በቃል ይያዛል።

ሩሌትን ውሰጂ፤ ቁጥር ባለበት በሚዞር ጎማ ላይ ኳስ የሚወረወርበትን ጨዋታ ማለቴ ነው። ቁጥር ላይ ቀጥታ የተቀመጠ ቺፕስ 35 እጥፍ ይከፍላል። በሁለት ቁጥር መካከል መስመሩ ላይ ያለ 17፣ ሦስቱን የያዘ 11፣ አራቱን የያዘ 8፣ ስድስቱን የያዘ 5። አሁን ኳሷ አረፈች እንበል። አሸናፊው ቁጥር ላይ 3 ቺፕስ አለ፣ የጎኑ መስመር ላይ 2፣ ማዕዘኑ ላይ 1። 105 እና 34 እና 8፤ 147 ነው። ቺፕስ በ20 በ20 ስለሚቆለል 7 ሙሉ ቁልልና 7 ፍሬ ትገፊያለሽ። ይህን ሁሉ ስድስት ሰው ዓይን ዓይንሽን እያየ፣ አንዱም «ቶሎ በይ» እያለ።

የቆየ ዲለር አይደምርም። አደራደሩን አይቶ ነው ቁጥሩን የሚጠራው። ለምሳሌ ቁጥሩ ዙሪያውን በሙሉ ከተሸፈነ፣ ማለትም መሃሉ ላይ 1፣ በአራቱ ጎን 4፣ በአራቱ ማዕዘን 4 ከሆነ፣ መልሱ ሁልጊዜ 135 ነው። እንደ ፊት ትለይዋለሽ። ከዛሬ ጀምረሽ የ17ን ብዜት ያዢ። 17፣ 34፣ 51፣ 68፣ 85፣ 102፣ 119፣ 136። ታክሲ ውስጥ፣ ዕቃ እያጠብሽ፣ በየትም። የ35ቱ ቀላል ነው፣ ሰው የሚያዳልጠው 17 ላይ ነው። ስሜን ከየት ያመጣሁት ይመስልሻል?

ባካራ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይ ደግሞ «ባንከር» የሚባለው ወገን ሲያሸንፍ ቤቱ በእሱ ላይ ላስያዘው ከሚከፍለው 5 በመቶ ይቆርጣል። 160 ያስያዘ ሰው 152 ይከፈለዋል። ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይ ተጫዋቹ በመጀመሪያ ሁለት ካርታው 21 ሲያገኝ ድሮ የተለመደው ክፍያ 3 ለ 2 ነው፤ 35 ላስያዘ 52.50። አሁን ብዙ ቦታ 6 ለ 5 ሆኗል፤ ለዚያው 35 ክፍያው 42 ብቻ ነው። ይሄ ላንቺ ምንሽ ነው ካልሽ፣ የሚያኮርፍብሽ ተጫዋቹ ነው። ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ትመስይዋለሽ። ጉርሻውም በዚያው ይቀራል።

አጅሬ

እስቲ እውነቱን ተናገሩ። ዲለር ኳሷን የፈለገበት ያሳርፍ የለ? እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ትልቅ ውርርድ ያለበትን ቁጥር እየሸሸች ነው የምታርፈው።

ሩሌት ቤት

አጅሬ፣ አንተ ስንት ብር ተበላህ?

ኳሷ የምትወረወረው ጎማው ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። መንገዷ ላይ የብረት እንቅፋቶች አሉ። እነሱን መትታ፣ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ነጥራ ነው የምታርፈው። እንደዚያ ማሳረፍ የሚችል ሰው ቢኖር ለደሞዝ ቆሞ አያድርም ነበር።

ካዚኖው ደግሞ ማጭበርበር አያስፈልገውም። አንድ ዜሮ ያለው ሩሌት 37 ቁጥር አለው፤ ክፍያው 35 ለ 1 ነው። ልዩነቷ ከተወራረድከው 2.70 በመቶ ለቤቱ ታስቀራለች። ሁለት ዜሮ ያለው 38 ቁጥር ነው፤ እዚያ 5.26 በመቶ ይሆናል። ቤቱ የሚፈልገው ጨዋታው እንዲቀጥልና እንዲፈጥን ብቻ ነው። ማጭበርበር ፈቃዱን ያሳጣዋል።

ዲለሩማ አንተ እንድታሸንፍ ነው የሚጸልየው፤ ጉርሻ ባለበት አገር ማለቴ ነው። የተበላ ሰው ጉርሻ አይሰጥም።

አጅሬ

እሺ ይሁን። ግን ያቺ ልጅ እጇ ከባድ ነው፤ እሷ ስትመጣ ሁልጊዜ ገንዘቤ ይበላል።

ቁጥር 17

ማዕዶት፣ አየሽ? ሥልጠናው ላይ የማይነግሩሽ ክፍል ይሄ ነው። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ በካዚኖው ሲሸነፍ ቆይቶ አንቺ ስትመጪ አንቺ ነሽ ያስበላሽው። ስምሽን ደረትሽ ላይ ያነብና እየጠራ ይሰድብሻል። አንዳንዱ ካርታ ይወረውራል። «ዲለር ቀይሩልኝ» ይላል። አንቺ ፊትሽን ሳትለውጪ «መልካም ዕድል» ትያለሽ። የሆቴል ልምድሽ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅምሽ።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ዕድሜ ልክ ይሠራል ወይ ላልሽው እኔ ልመልስልሽ። ከዲለር ጀምሬ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያ ፒት ቦስ (የብዙ ጠረጴዛዎች አለቃ) ሆኜ ነው የወጣሁት።

ይሠራል። ግን ሰውነት ያስከፍላል። አብዛኛው ቤት ሰዓት ወይም ትንሽ ተጨማሪ ሠርተሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያሳርፍሻል። ለደግነት አይደለም፤ የደከመ ዲለር ስለሚሳሳት ነው። እንዲያም ሆኖ አንጓና ትከሻ ይሄዳል። ካርታ መግፋትና ቺፕስ መሰብሰብ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ጅማት ይቆጣል። ሩሌት ላይ ደግሞ ጠረጴዛው ማዶ ለመድረስ ስትጎነበሺ ወገብ ነው የሚጎዳው። ጫማ ላይ አትሰስቺ።

የሲጋራ ጭስም አለ። የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ስትከለክል ካዚኖዎችን ከሕጉ አወጣች። ላስ ቬጋስ ያለባት ኔቫዳም በዚያው ዓመት ሕግ አውጥታ የካዚኖ መጫወቻ አዳራሹን ነፃ አደረገች። የአትላንቲክ ሲቲ (የኒው ጀርሲዋ የካዚኖ ከተማ) ዲለሮች ይሄ እንዲቀየር ሲጮሁ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በማኅበራቸው በኩል ፍርድ ቤት ሄደዋል። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት አዳራሹ ውስጥ ይጨሳል ወይ ብለሽ ጠይቂ። እኛ አልጠየቅንም፤ የሚጠይቅም አልነበረም።

ስለ ዕድገት ደግሞ ይህን ልንገርሽ። ሰው ሱፐርቫይዘር ሲባል ደስ ይለዋል። ጉርሻ በሚካፈልበት ብዙ ቦታ ግን ሱፐርቫይዘር ከጉርሻው አይካፈልም። ሙሉ ልብስ ለብሶ ከሚቆጣጠራቸው ልጆች ያነሰ ይዞ የሚገባ ሞልቷል። ጎበዝ ዲለሮች ዕድገት ሲሰጣቸው «ይቅርብኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። ወደ ላይ መውጣት የሚያዋጣው ሰውነትሽ ጠረጴዛውን አልችልም ሲል፣ ወይም እስከ አዳራሽ ሥራ አስኪያጅነት ለመሄድ ካሰብሽ ነው።

ሌላው መንገድ ወደ ካሜራው ክፍል ነው። የሰለጠነ ዓይን ይፈልጋሉ። ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ። ማንም አይሰድብሽም።

ማዕዶት

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ሱፐርቫይዘር ያነሰ ያገኛል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በዚህ ሙያ ውጭ አገር ሄዶ መሥራትስ ይቻላል?

ጡረተኛው

ይቻላል፤ ሙያው የትም አንድ ነው። ግን ለዲለር ፈቃድ የማይጠይቅ አገር ጥቂት ነው። እንግሊዝ ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው፤ የግል ፈቃድ ታወጫለሽ። ኔቫዳ 21 ትላለች። የወንጀል ታሪክሽ ይጣራል፤ አንዳንድ ቦታ ዕዳሽንም ያያሉ። ዕዳ ያለበት ሰው ቺፕስ ፊት መቆም የለበትም ብለው ነው። በቻይና ሥር ያለችው ማካው ደግሞ ዓለም ላይ ትልቁ የካዚኖ ገበያ ሆና ሳለ ለውጭ ሰው በሩ ዝግ ነው። ዲለር የሚሆነው ነዋሪዋ ብቻ ነው።

ባሕር ላይ

ዓለምን ማየት ከፈለግሽ የመዝናኛ መርከብ ላይ ያለ ካዚኖ ሞክሪ። ኮንትራቱ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ወር ነው። ካዚኖው መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም ይዘጋል፣ ባሕር ላይ ስትወጡ ይከፈታል። ሌላው ሠራተኛ ወደብ ላይ እንግዳ ሲያስተናግድ ዲለሩ ከተማ ይወርዳል። ምግብና መኝታ በነሱ ነው። መኝታው ግን መስኮት የሌለው፣ ከሌላ ሰው ጋር የምትጋሪው ጠባብ ክፍል ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው አይችለውም። እኔ ወድጄዋለሁ።

ስቱዲዮ

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። አሁን ብዙ ዲለር የሚቀጠረው ካዚኖ ውስጥ አይደለም፤ ለኢንተርኔት ካዚኖ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሪጋ፣ ቡካሬስት፣ ትብሊሲ፣ ማልታ። ተጫዋቹ ስልኩ ላይ ነው፤ አንቺ ካሜራ ፊት።

ሒሳብ የለም፤ ክፍያውን ሲስተሙ ይሠራል። ቺፕስ መቁረጥ የለም። ካርታውን ስካነር ላይ ታሳልፊያለሽ፣ ውጤቱ ወዲያው ይወጣል። ጭስም የለም። በምትኩ ማውራት አለብሽ። የሚጽፉልሽን ስክሪን ላይ እያነበብሽ፣ እየሳቅሽ፣ በየስማቸው ሰላም እያልሽ። አንዳንዴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፤ አንቺ ግን ለማንም ፈገግ ማለትሽን አታቆሚም። ለካሜራው የፀጉርሽና የጥፍርሽ ቀለም ሳይቀር ደንብ አለው።

መግቢያው ቀላል ስለሆነ መውጫውም ቅርብ ነው፤ ሰው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ትብሊሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 የእንዲህ ያለ ስቱዲዮ ሠራተኞች በደሞዝና በሥራ ሁኔታ አድማ መትተው ነበር። ደግሞ እዚያ የተማርሽው እጅ እውነተኛ ጠረጴዛ ላይ አይበቃም። መርከብ ብትጠይቂ እንደገና ተፈተኚ ነው የሚሉሽ።

ሣራ

ሁላችሁም ስለ እጅና ስለ ብር አወራችሁ። እኔ ሥራውን የተውኩት በሌላ ምክንያት ነው።

ደንበኛ ትለምጂያለሽ። ሲመጣ ስሙን ታውቂያለሽ፣ የሚጠጣውን ታውቂያለሽ። ከዚያ የእጅ ሰዓቱን ሸጦ ሲመጣ ታያለሽ። «የመጨረሻዬ ነው» ብሎ ይነሳል፤ ሰውዬው ከባንክ ማሽኑ ሲመለስ አንቺ እዚያው ነሽ። ካርታውን ታድይዋለሽ። «ይበቃሃል፣ ቤትህ ግባ» ማለት አትችዪም፤ ደንቡ አይፈቅድም። የምትችዪው ለሱፐርቫይዘር መንገር ነው። ብዙ አገር ሰው ራሱን ከካዚኖ የሚያሳግድበት ሥርዓት አለ፤ ሠራተኛውም ምልክቱን እንዲያውቅ ይሠለጥናል። ሥልጠናው ደህና ነው። ዓርብ ማታ አዳራሹ ሞልቶ ግን ማን ይሰማሻል?

ሥራው ሐቀኛ ነው፤ እኔ ማንንም አልሰረቅኩም። ግን ወደ ቤት ስገባ የሰው ፊት ይዤ እየገባሁ ነበር። አንዳንዱ ሰው አይነካውም። ሩሌት ቤት ለምሳሌ አይነካውም መሰለኝ።

ሩሌት ቤት

ይነካኛል ሣራ። ዓይኔን ቺፕሱ ላይ ማድረግ ለመድኩ እንጂ። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፤ ማዕዶት ሁለት ጊዜ ታንብበው።

ማዕዶት

አንብቤዋለሁ። ሣራ፣ አመሰግናለሁ።

ሥልጠናውን ልሞክረው ነው፤ የሆቴሉን ሥራ ሳልለቅ፣ ማታ ማታ። የመጨረሻ ጥያቄ። ፈተናው ላይ ምን ያያሉ?

የሌሊት ፈረቃ

ጠረጴዛ ላይ ያቆሙሻል፤ የቤቱ ሰዎች ተጫዋች መስለው ይቀመጣሉ። አንዱ ይለፈልፋል፣ አንዱ ዘግይቶ ቺፕስ ያስቀምጣል፣ አንዱ ክፍያ አጎደልሽ ይላል። ፍጥነትሽን እያዩ አይደለም። ውርርድ መዝጊያውን ጮክ ብለሽ ተናገርሽ ወይ? የዘገየውን ቺፕስ መለስሽ ወይ? ሲጨቃጨቁሽ እጅሽን አንስተሽ ሱፐርቫይዘር ጠራሽ ወይ? ፍጥነት በሥራ ይመጣል። ፈጥነው የሚያበላሹትን ነው የሚጥሉት።

ቺፕስ መቁረጥ ላይ ግን አይራሩም። 20 ፍሬ ቺፕስ ገዝተሽ ቤት ውስጥ ተለማመጂ። ሳታዪ አራት አራት፣ አምስት አምስት እያደረግሽ በጣትሽ መጣል እስክትችዪ ድረስ። መጀመሪያ አካባቢ ወለሉ ላይ ይበተናል፤ ጎረቤት ይቆጣል።

ቦሩ

ስትገቢ አራት ነገር ጠይቂ። ጉርሻው ይካፈላል ወይ፣ ከተካፈለስ እነማን ይገቡበታል። ይጨሳል ወይ። ሥልጠናውን ጨርሰሽ ብትለቂ የሥልጠናውን ገንዘብ መልሺ የሚል ውል አለ ወይ፤ ይሄኛው ብዙ ሰው አስሯል። አራተኛው፣ የሚበውዝ ማሽን አላቸው ወይስ ሌሊቱን ሙሉ ስምንት እሽግ ካርታ በእጅሽ ነው የምትበውዢው።

አጅሬ

ስትቀጠሪ ንገሪኝ፣ አንቺ ጋ መጥቼ እጫወታለሁ። እጅሽ ቀላል ይመስላል።

ማዕዶት

አጅሬ፣ ቤትህ ግባ። ይህን አሁን ነው የምችለው፤ ከተቀጠርኩ በኋላ አይፈቀድልኝም አሉ።